ክትባቱስ እውነት ነው

ጥቅምት 26 ቀን 1978

የጋሼ እንድሪስን በሬ ቁስል አጠብኩ። ረገጠኝ። "ዶክተር፣ አሁን ገና ተመረቅህ!" ብሎ ሳቀብኝ። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም ብለው አይሰማም። ቤቱን ያከራየኝ ሰው ነው፣ ምን ላድርገው?

ከሰዓት ካድሬያችን ከበደ መጣ። ኅዳር 2 ሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ የአባ ሰንጋ ክትባት ይሰጣል፣ ዞረህ ለገበሬው ንገር አለኝ። የመጀመሪያ ዘመቻዬ! ለዚህ አይደል የተማርኩት…

ጥቅምት 27

አንድ ነገር ከነከነኝ። "አባወራው ራሱ ይምጣ፣ ሌላ ሰው እንዳይልክ" ነው ያለው። ለምን? እዚህ ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው። የጎረቤቱን ሁሉ ከብት ባለተራው ብቻውን ይነዳል። ከበደ የከተማ ልጅ ነው፣ ላያውቅ ይችላል።

ግን ስንት ከብት አለ ብሎ አልጠየቀኝም። ስንት አባወራ አለ ነው ያለው። ደግሞ "ወንድሜ አያሌው" አለኝ። ከመቼ ወዲህ?

ጥቅምት 28

ክትባት የሚባል ነገር የለም ብዬ ደመደምኩ። ሰዉን በዚህ ስም ሰብስበው ለሰፈራ ሊጭኑት ነው። አምና የጋሼ እንድሪስን የእህት ባል ስንዴ ይታደላል ብለው ጠርተው ነው የጫኑት ይባላል። እስካሁን ድምፁ የለም።

ማንም ጋ አልሄድኩም። ለከበደ "እየዞርኩ ነው" አልኩት።

ጥቅምት 29

ክትባቱ መጣ! ከነበረዶ ሳጥኑ። ብልቃጦቹን እያነሳሁ አየኋቸው። ያልተከፈቱ፣ ጊዜያቸው ያላለፈ። አፈርኩ። ሰው በከንቱ ጠረጠርኩ…

ታዲያ ሆዴ ለምን አልተፈታም?

ራት ላይ ለጋሼ እንድሪስ ሁሉንም ነገርኩት። ሆድ የነገረውን ማመን ይሻላል ወይ ያዩትን? አልኩት። እናቱ እትየ መሪማ ቀደሙት፦ "እሱን ነው የምትጠይቅ? ያችን አንካሳ አህያ በሆዱ አይደል የገዛት!"

"ኧረ እማ፣ ስገዛት ቆማ ነበር።"

ሳቅን። ከዚያ እሱ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። "ከቀረሁ በሬዬ ይሞታል። ከሄድኩ እኔ ከልጆቼ እለያለሁ። አዝመራው ደግሞ ገና አልታጨደ። በል ምረጥልኝ፣ ዶክተር።"

አሁን ዶክተር ሲለኝ አልሳቀም።

ጥቅምት 30

ጭንቅላቴ፦ ብልቃጡን በእጅህ ይዘኸዋል፣ በሽታው አለ፣ ጥራቸው። ሆዴ፦ ሰው አትጥራ። ስሟገት አረፈድኩ።

ሁለቱም ልክ ቢሆኑስ? ክትባቱም እውነት፣ ወጥመዱም እውነት?

ዞርኩ። "ከብቱን እንደ ልማዳችሁ በተራ ንዱ። ተራውን ግን አሮጊትና ሽማግሌ ይያዘው" አልኩ። በኛ ሰፈር እትየ መሪማ ተራውን ያዙ። "እኔን ጭነው ምን ሊያሳርሱኝ ነው? ኧረ ይውሰዱኝ፣ በዚያውም መኪና እሳፈራለሁ!"

ከነገርኳቸው አንዱ እጄን ይዞ በጣም አመሰገነኝ። ለምን ያን ያህል? ወሬውን ወደ ከበደ የሚያደርስ እሱ ይሆን?

ኅዳር 2

ከብቱ ጎረፈ። እትየ መሪማ ከኋላ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው። ስወጋ ዋልኩ፣ እጄ ዛለ።

ረፋዱ ላይ ካሚዮኖች ከመንገዱ ወርደው ሜዳው ጥግ ቆሙ። ባዶ።

"አባወራዎቹስ?" አለ ከበደ።

"አዝመራ ላይ ናቸው፣ ጓድ። እዚህ ከብት በተራ ነው የሚነዳው።"

"ራሳቸው ይምጡ አላልኩህም?"

"ብለኸኛል። ክትባቱ ለከብቱ መስሎኝ…"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ካሚዮኖቹ እህል ሊጭኑ መጥተው ይሆን? የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኅዳር 3

ከበደ ቢሮው ጠራኝ። ሰፈራ ጣቢያ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ያስፈልጋል፣ አንተ ወጣት ነህ፣ ነገ ከካሚዮኖቹ ጋር ትሄዳለህ። ለስንት ጊዜ? አልኩ። "ሥራው እስኪያልቅ።"

አንድ ሰው ነግሮታል። ወይስ ማንም አልነገረውም?

ኅዳር 4፣ ደሴ

ለነዳጅ ቆመናል። ካሚዮኑ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጋሼ እንድሪስ ሻንጣዬን አንስቶ "እስከ መኪናው ልሸኝህ" አለ።

"እንዳትመጣ።"

"ሰው ከቤቴ ወጥቶ ሳይሸኝ? ነውር ነው፣ ወላሂ።"

"ልትሸኘኝ መጥተህ ቢጭኑህስ?"

ሻንጣውን መለሰልኝ። "አብሽር፣ አይዞህ" አለ።

ካሚዮኑ ሲነሳ ከመንገዱ በላይ የሱን ማሽላ አየሁ። ነፋስ አልነበረም። አንድ ቦታ ብቻ ተወዛወዘ፣ ነጭ ቆቡ ብቅ አለ። እጄን ላነሳ ነበር… ከበደ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስተዋቱ ያየኛል።

ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።