ለፍሬ ውጤት የወጣ የእድር ወንበር

ጳጉሜ 3፣ ከጠዋቱ 4፡00። ግ. 145/90።

ክኒን ተዋጠ። ግፊት ተለካ፣ ተጻፈ። ሐኪሟ ያዘዘችኝ ቁጥሩን ብቻ እንድመዘግብ ነበር፤ ደብተሬ፣ አንተ ግን ከተገዛህ ጀምሮ የምትበላው ወሬ ነው። ምን ላድርግ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጸጉር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ ሲንቀሳቀስ አፌም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ከአፍንጮ በር እስከ ፒያሳ በእግር፤ ይኼም የሐኪም ትእዛዝ ነው። ሱቅ ከፈትኩ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ደንበኛ ሳስቷል፣ ግማሹ ለሚ ኩራ ገብቷል። ያም ሆኖ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ አለ፤ አንገቴን ለማላውቀው ምላጭ አልሰጥም ይላል። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ዶክተር ፍሬ ውጤቷ መጣ?» ልጄን ፍሬሕይወትን ማለታቸው ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ዶክተር ያሰኘኋት እኔው ነኝ። አራተኛ ክፍል ሳለች አንደኛ የወጣች ቀን ጀመርኩ፣ እስካሁን አላቆምኩም።

መስከረም 1፣ ከሰዓት 10፡00። ግ. 140/90 (ዶሮ ወጥ ተበልቶ!)

በዓል። ጠዋት ፍሬ ከኋላ ያለውን ጸጉሬን በቶንዶስ አስተካከለችልኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ለዓውዳመት የምትቆርጠኝ እሷ ናት፤ የጸጉር ቆራጭን ጸጉር ማን ይቆርጣል ለሚሉኝ መልሴ ይኼው ነው። ዛሬ ግን ዝም ብላ ነው የቆረጠችው። እጇ ቀዝቅዟል። ውጤቱን እየፈራች ነው። እኔም ለማበርታት ብዬ ነጭ ጋወን ለብሳ ስትመጣ ግፊቴን በነጻ እንደምትለካልኝ ነገርኳት። ፈገግ አለች፣ ብዙም አልቆየ።

ጋሼ ደወለ፤ ታላቅ ወንድሜ፣ ቡታጅራ ያለው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። በግንቦት ቀዶ ጥገና አድርጎ ገና አልጠነከረም፤ ድምፁ ቀጥኗል። እሑድ ደውልልኝ አለ።

መስከረም 4፣ እሑድ።

ለጋሼ ደወልኩ። አይሠራም። ሦስቴ ደወልኩ። ኔትወርክ ይሆናል።

መስከረም 6፣ ከቀኑ 11፡00። ግ. 155/95።

ውጤት ትናንት ማታ ወጥቷል። ፍሬ ሲስተም ተጨናንቋል፣ አይከፍትም ትላለች። ይሁን። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ የሺ ስልኬን ወሰደችብኝ። ቻርጅ አይዝም፣ ላሠራልህ ብላ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ምንም አልሆነም። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለችኝ፤ ቤት ውስጥ ሽንኩርት የለም። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ጋር ቧንቧው ጋ ሲንሾካሾኩ ደረስኩ፣ ሁለቱም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ጠራራ ፀሐይ ነው።

ውጤት ቢሆን ኖሮ ስልክ ለምን ይደበቃል? ይኼ ሰው ሲሞት የሚደረግ ነው። ጋሼ ስልክ አያነሣም። ልጠይቅ እላለሁ፣ መልሱን እፈራለሁ፣ እተወዋለሁ።

መስከረም 8፣ ከጠዋቱ 3፡00። አልለካሁም።

ዛሬ በጽሕፈቴ አትፍረድ።

ንጋት ላይ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ሽኩር፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ኮት ለብሰው። ከኋላቸው እትዬ ዘነበች፣ ለብርዱ ጥቁር ሻል ተከናንበው። ደብተሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አለባበስ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ላይ ሰው ቤት የሚመጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ለመርዶ።

ቁጭ በል አሉኝ። ጋሽ ሽኩር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰው ልጅ ያሰበው ሁሉ አይሞላለትም፣ ፈጣሪ የሰጠውን መቀበል ነው፣ ለቤተሰብህ ስትል ጠንከር በል... ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። ጋሼን! ብዬ ጮህኩ። ጋቢዬን ጣልኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። ግቢው ተነሣ። እትዬ ዘነበች ግራ ቢገባቸው አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ፤ ለማን እንዳለቀሱ እስካሁን አልነገሩኝም። የሰፈሩ ጎረምሶች የእድሩን አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን አውጥተው ደጄ ላይ ሁለቱን ደርድረዋል። ጋሽ ሽኩር ኧረ ቆዩ፣ ኧረ ቆዩ ይላሉ፤ ማን ሊሰማቸው።

ፍሬ በሌሊት ልብሷ ሮጣ መጣች። ሁለት እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። «አባ! የሞተ ሰው የለም! እኔ ነኝ! የወደቅሁት እኔ ነኝ!»

ጋሼስ? አልኳት። ደህና ነው አለች። ማይ አልኳት። ማለች።

ከዚያ ያደረግሁትን ላንተም መናገር ያሳፍረኛል። ብድግ ብዬ ጋሽ ሽኩርን አቅፌ ሳምኳቸው። «ወድቃ ነው! ተመስገን ጌታዬ፣ ወድቃ ነው!» እያልኩ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ ለፈፍኩ። ሰው ሳቀ። አንዷማ እልል አለች። ዘወር ስል ፍሬ የለችም። ክፍሏ ገብታ ከውስጥ ዘግታለች።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት 9፡00። ግ. 160/100።

ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ከስድስት መቶ 191። ማለፊያው ግማሽ ነው፣ አልሞላም። ፍሬና የሺ ውጤቱን በወጣበት ማታ አይተውታል። ሐኪሟ በድንገተኛ ነገር አታስደንግጡት ብላለች፤ የሺ ጨነቃት። ስልኬን የወሰደችው ሰው ደውሎ እንዳይነግረኝ ነው። ክፉ ወሬ በዘዴ መናገር የሚችል ማን ነው ብላ ስታስብ የመጡላት ጋሽ ሽኩር ናቸው። እሳቸውም የሚያውቁት አነጋገር አንድ ብቻ ነው፤ በዚያው ነገሩኝ።

ጋሼ በጎረቤት ስልክ ደወለ። የሱ ስልክ ባልዲ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው ለካ። ያለቀስኩለትን ሰምቷል፤ በደንብ ነው ያለቀስክልኝ? ብሎ ሲስቅ ቁስሉን አመመው። ወንድሜ አለ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ግፊት ያለበት አባት እኔ ብቻ ነኝ? ለፈተና ውጤት ሽማግሌ የተላከበት ቤት ሰምቼ አላውቅም። ልጄ አንድ ቁጥር ልትነግረኝ ምን አስፈራት?

መስከረም 9። ግ. 150/95።

ፍሬ አልወጣችም። ምሳ በር ላይ ተቀመጠላት፣ እንዳለ ተመለሰ። የሺ አታናግረኝም፤ ልጁ ወደቀች ብሎ እልልታ ያስነሣ አባት አንተ የመጀመሪያው ነህ ብላ ዞረች። እውነቷን ነው። በሩ ጋ ቆምኩ። ፍሬዬ ብቻ ብዬ ሄድኩ።

መስከረም 11፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00።

ወጣች! ጠዋት ለእግር መንገዴ ጫማ ሳስር መጥታ አጠገቤ ቆመች። አብረን ሄድን። አራት ኪሎን አልፈን ሥላሴ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት። ደስ ያለኝ በመውደቅሽ አይደለም፣ ወንድሜ ባለመሞቱ ነው አልኳት። እሱማ ገብቶኛል አለች። ያኔ ያሳፈራት ሰው ሁሉ መስማቱ ነበር።

እንግዲያስ ሽማግሌ ለምን ተላከብኝ? አልኳት። ግፊቴን ብቻ አይደለም የፈራችው። ዝምታዬን ነው። ዐሥረኛ ክፍል ሂሳብ ዝቅ ያለ ውጤት አምጥታ ስታሳየኝ አልተቆጣሁም፤ ወረቀቱን አጥፌ መልሼላት ለአራት ቀን ዝም አልኩ። ከሰው ሁሉ ጋር የሚያወራ አባት ከእኔ ጋር ብቻ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አታውቅም አለችኝ። እኔ ያን አራት ቀን ረስቼዋለሁ። ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።

ሌላም ጨመረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱቄ በኩል ካለፈች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ዶክተር እያሉ እንዳይጠሯት በቸርችል ጎዳና ዞራ ነው የምትሄደው። ዶክተር መሆን አልፈልግም ብላም አይደለም፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ አንተ ለሰው ነግረህ ጨረስክ ነው ያለችው።

ወጋኝ። ልጄ የገዛ አባቷን ሱቅ እየሸሸች። አለቀስኩ። እሷ ናት መሐረብ ያቀበለችኝ።

መስከረም 13፣ ከቀኑ 12፡00። ግ. 145/90።

ሻለቃ መጡ፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ። ልጃቸው ጥሩ ነጥብ አምጥቷል፣ ፎጣውን ሳላስር ነጥቡን ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለዎ አልኩ፤ ከልቤ ነው። የእኛዋ ዶክተርስ? አሉ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

አልተሳካላትም፣ ግማሽ አልሞላችም አልኩ። ደግሞም ዶክተር ያልኳት እኔ እንጂ እሷ አይደለችም፤ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ፍሬሕይወት ነው፤ እባካችሁ በዚያ ጥሩልኝ አልኩ። ሻለቃ በመስታወት ውስጥ አዩኝ። ታላቅ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ወድቆ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፤ ዐሥር ዓመት ጸጉራቸውን ስቆርጥ አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ፒያሳ ላይ ሚስጥር የለም የሚል ሰው ውሸቱን ነው።

መስከረም 17።

መስቀል። ጋሽ ሽኩር ክትፎ በሰሐን ይዘው መጡ፤ ሙስሊም ብሆንም በጉራጌ ወገኖቼ በዓል እኔም ድርሻ አለኝ ይላሉ ሁልጊዜ። ፍሬን ይቅርታ ጠየቋት፤ በመርዶ አነጋገር ስለነገሩ። ቀጣይ ጊዜ ስልጠና እወስዳለሁ አሏት። ሳቀች! ከነጥርሷ! የሺም ከእኔ ጋር ታርቃለች፤ ክትፎውን ለግፊት አይሆንም ብላ ነጠቀችኝ።

አሁን የምንጠብቀው የሪሚዲያልን ነጥብ ነው፤ ግማሽ ሳይሞሉ ለተጠጉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት የአንድ ዓመት ማካካሻ። ምናልባት ትገባ ይሆናል። ለደንበኛ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ።

ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 7፡00።

አንድ ሰውዬ ግማሽ ጢሙን ላጭቼ ግማሹ በሳሙና እንደተሸፈነ በሩ ተከፈተ። ፍሬ ናት። በሱቁ በር፣ በፊት ለፊት፣ በራሷ እግር። ደንበኞች ፍሬሕይወት እንደምን ዋልሽ አሏት። መለሰችላቸው፤ ወደ እኔ መጣች።

«አባ፣ ሰው ሳልልክ ራሴ ልንገርህ። የሪሚዲያሉም ነጥብ ወጣ። አልደረስኩም።»

ዝም ልል ነበር። የሷ ዓይን አፌ ላይ ነው። ምንም ብልህ ነገር አልመጣልኝም። እሺ የኔ ልጅ፣ ምን እናድርግ? አልኳት። ይኼው ነው ያልኩት። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ቆይ አስቤበታለሁ አለች።

ያሰበችው ይኼ ነው። በሚመጣው ዙር በግሏ ትፈተናለች። ከሁሉም የጣላት ሂሳብና ፊዚክስ ነው። ቤት ግን አይጠናም፤ ክፍሏ ጠባብ ነው፣ ግቢው ገና በንጋቱ ነው መንጫጫት የሚጀምረው። ሱቁ ጠዋት ጠዋት ይሰጠኝ፤ መስታወት አለ፣ መብራት አለ፣ ወንበሩም ይመቻል አለች። ባለግማሽ ጢሙ ሰውዬ ስጣት እንጂ! አለ፤ ማን ጠየቀው።

እኔ ደግሞ በልቤ ስንት አዘጋጅቼ ነበር። የግል ኮሌጅ፣ የአክስቷ ልጅ ያለበት መሥሪያ ቤት፣ ጋሼ የሚያውቀው ሰው። አንዱንም አላወጣሁትም።

ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 10፡00።

ተወሰነ። ከሰኞ ጀምሮ ሱቁ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ወንበሩ የፍሬ ነው። እኔ በር ላይ በርጩማ አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ የሺ ቀዝቃዛ ይመታሃል አለች፣ ጋቢ አለኝ።

በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ፍሬ ጻፈች። እጅ ጽሑፏ ያምራል። «በግል ጉዳይ ምክንያት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ዝግ መሆናችንን እናሳውቃለን» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ምኑ ነው የግል? አልኳት። ከፈለግሽ ብቻ፣ ሌላ ጻፊ አልኳት። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣች፦

«ፍሬሕይወት ደምሴ ለፈተና ስለምታጠና ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ጸጉር አንቆርጥም።»

ማጣበቂያ ቀባሁበት። አብረን ለጠፍነው፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ይዘን።