የኢልያስ ወታደር

ለወንድሜ ለኢልያስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላም አንተም ላይ፣ በምትሠራበት ሱቅ ደጃፍም ላይ ይሁን። ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የጀመረህ ሳል ለቀቀህ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? የጆሃንስበርግ ብርድስ አለፈላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬም ጉልበት ከረመዳን ወዲህ ተሽሏታል።

በስልክ ስታናግረኝ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አንደበቴ እንደማይፈታ ታውቃለህ። እማዬም አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ስለዚህ የጎረቤታችን የሱሀይር ባል ወደ እናንተ አገር ሊመጣ ነው ሲባል ይህን ጻፍኩ።

ስትሄድ ያንን አሮጌ የተኩስ ጌም አደራ ሰጥተኸኝ ነበር። ጌሙ ውስጥ ያለውን ወታደርህን ሰባተኛው በር ላይ ትተኸው፣ ስመለስ እኔው አሳልፈዋለሁ፣ አንቺ ብቻ እንዳይጠፋ ጠብቂልኝ አልከኝ። የለበሰውን የብረት ጥሩርም ሠላሳ አንደኛ ደረጃውንም ስንት ጊዜ ለፍተህ እንዳገኘኸው አይቻለሁ። መስከረም ላይ ጌሙን ስከፍት አንዳንዴ ወታደሩ አልታይ አለኝ። የጌሙ ካሴት ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ልታልቅ ነው ብዬ ፈራሁና፣ ምን አለሽ ተራ ሬድዮ ለሚጠግነው ለሰዓድ ወሰድኩት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ብሎ አሮጌዋን ነቅሎ አዲስ በየደበት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ወታደሩ የለም። ለካ ያቺ ባትሪ ናት ይዛው የኖረችው። ተመልሼ ወታደሩ ጠፋ ብዬ ስነግረው፣ አንቺ ልጅ፣ ሰው የጠፋ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ፣ ሌላ ወታደር ትፈጥሪያለሽ ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ወር ደበቅኩህ። እማዬ ስልኩን ይዛ፣ ወታደሬ እንዴት ነው ይልሻል ስትለኝ፣ ደህና ነው በዪው እላት ነበር።

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጌሙ ስም ሲጠይቀኝ፣ ስትመጣ እንዳታውቅብኝ ያንተን ጻፍኩ። ጌሙ ጨካኝ ነው። አንዴ ከሞትክ ያጠራቀምከው ጉልበት ግማሹ ይሄዳል። ሦስተኛው በር ላይ ያለው ባለ ክንፍ የብረት ጭራቅ ስንት ቀን አስለቀሰኝ። በተመታሁ ቁጥር ኢልያስ ሞቷል የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ቅዳሜ ግን ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው ጋሼ ኑሪ፣ አንተ የነገርከውን ለሚስቱ ሲያወራ ሰማሁ። ከእናንተ ሁለት ሱቅ አልፎ ያለውን ልጅ ተኩሰው መቱት አላት፤ አንተም ዕቃ የምትሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነህ ነው አላት። ለእማዬ ግን ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው ብለሃታል። እኔም ምንም አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ያ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ ሮጬ የእማዬን ስልክ አያለሁ። ጌም መሆኑን አውቃለሁ፣ ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛው በር ደርሼ ነበር። በገዛ እጄ አጠፋሁትና እንደገና ስጀምር የራሴን ስም ጻፍኩ። አሁን የምትሞተው ሀምዲያ ናት። ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ሞታ ምሳዋን በላች።

ስለ ወታደርህ ይቅር በለኝ። ከተናደድክም ደውለህ ተቆጣኝ፣ ድምፅህን ልስማው። ለእማዬ ባትነግራት እንኳ እውነቱን ለእኔ ጻፍልኝ፤ ሚስጥር መያዝ እንደምችል በሁለቱ ወር አይተሃል።

እማዬ ዓይንህን ትስምሃለች፤ ለሳልህ ማር ልካልሃለች። ትንሿ አስያ የፊት ጥርሴ መውለቁን ንገሪው ብላኛለች። ጋሼ ኑሪም ሰላም ብሎሃል፤ መስማቴን አያውቅም። አብሮህ ለሚሠራው ለሐምዱ ሰላም በልልኝ። ማንም ቢጠራችሁ፣ የምታውቁት ሰው ቢመስላችሁም፣ ፍርግርጉን ከፍታችሁ እንዳትወጡ።

እህትህ ሀምዲያ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.