ለሁለት የተሰነጠቀው ፎቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ማታ
ከማስተምርበት ት/ቤት ስገባ ሳሎናችን ውስጥ ብሎኬት ተቆልሏል። ሲሚንቶው ምንጣፉ ላይ። ምንጣፉን እንኳ ማንም ላንሳ አላለም። ወንድሞቼ ደሳለኝና ኤርሚያስ የአባባን ቤት ለሁለት ሊከፍሉት ነው። እናታችን ፎቅ ላይ በሕይወት ተቀምጣ! ሁለቱም ትዳርና ቤት አላቸው። እዚህ የምንኖረው እኔና እማዬ ነን። ሽማግሌ ተብዬዎቹ ቅዳሜ ክትፏቸውን በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው ፈረዱ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሴት ነኛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8
ግንቡ ወገብ ደረሰ። ይህ ቤት ለዚህ አልተሠራም። ከቡታጅራ አሮጌ ፎቆች አንዱ ነው፤ ግራና ቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በረድፍ የቆመ። ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ኋላ ረጅም። ላይ መኝታ ቤቶች፣ በመንገዱ በኩል የእንጨት ሰገነት። የላይና የታች መስኮቶቹ ልክ በልክ። አባባ እንግዳ ሲመጣ መንገድ አሻግሮ አቁሞ ያሳይ ነበር።
ያንን ጠባብ ቤት ሲሰነጥቁት ምን ወጣው? ሁለት ኮሪደር። ግንቡ የሳሎኑን መስኮት መሃል ለመሃል ገባበት። ግማሽ መስኮት ለደሳለኝ፣ ግማሽ ለኤርሚያስ። ግንበኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ እራቴን መብላት አቃተኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13
ያለን አንድ ደረጃ ነው። እሱም ለደሳለኝ ደረሰ። የሱ ወገን ሱቅ ሆኗል፤ ቀለም፣ ስፖንጅ ፍራሽ። ለመውጣትም ለመውረድም በደንበኛ መሃል ተሹለክልከን ነው። የደረጃው መደገፊያ ላይ የውሃ ጎማ ጠቅልሎ ሰቅሏል። እማዬ እጇን የምታሳርፍበት አጥታ ግድግዳ እየዳበሰች ወረደች። ኤርሚያስን፣ ደሳለኝን አናግረው አልኩት። ደረጃው የኔ ድርሻ አይደለም አለኝ። ዓይኔን እያየ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጡት ነው የጠባሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 19፣ ጠዋት
ደሳለኝ ወልቂጤ ሠርግ ሄዷል። ሱቁን ከውጭ ቆልፎ፣ እኛን ከነነፍሳችን ፎቅ ላይ ትቶ። እማዬ ለቤ/ክ ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ደወልኩለት። ከኋላው መዝሙር ይሰማል።
«ረስቼው ነው። እስከ ማታ ምን ትሆናለች?»
ኤርሚያስ ስልኩን አያነሳም።

ያው እሑድ፣ ከሰዓት
ከሰገነቱ ተጣራሁ። በቀኝ በኩል ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ በሰገነታቸው ብቅ አሉ። ስነግራቸው «አስተግፊሩላህ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሁለቱን ሰገነቶች የሚለያቸው ጣውላ ነው። እሱን ነቀሉ። ባለቤታቸው እማዬን በክንዷ ደግፈው አሻገሯት፤ በእነሱ ደረጃ ወረደች። መንገደኛው ቆሞ ያያል። የምእመናን ልጆች እናት! ቤ/ክ አልሄደችም። ሐጂ ቤት ተቀምጣ፣ የቀረበላትን ሳትቀምስ አለቀሰች። አባባ ሲቀበር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 20
ደሳለኝ ሙዝ ይዞ ወጣ። እየሳቀ። ቁልፍ አስቀርጬ እሰጣችኋለሁ አለ፤ ውለታ እንደሚውል ሰው።
እማዬ ቀና አለች። «የገዛ ቤቴን ቁልፍ ልትሰጠኝ?»
«እማዬ፣ ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ነው እኮ።»
«ይህን ቤት እኔና አባትህ ነን የሠራነው። ግማሹ የኔ ነው። የቀረው ለሦስታችሁ ነው። ለእሷም።» ወደኔ ጠቆመች። ደነገጥኩ። «ፍርድ ቤት ይለየናል። አሁን ውረድ።»
«እናቴን ለክስ የምታነሳሺ እባብ ነሽ» ብሎኝ ወረደ። ሙዙን አልነካነውም። ሽታው ራሱ አስጠላኝ።
የት/ቤታችንን ዳይሬክተር አስፈቅጃለሁ። ነገ እማዬን ይዤ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እናት ከሳሽ፣ ልጆች ተከሳሽ። ያቅለሸልሸኛል። እሄዳለሁ።