ያለ ቢጫው ሰደርያ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ሮንዳ፤

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዓሣ ቤቱ ቆመሽ ስትውዪ አሁንም ይነሣብሻል? እማዬስ እንዴት ናት? የአያታችን ጉልበት ተሻላቸው? ሐይቁስ ሰው የሚሸከም በረዶ ያዘ? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርቱንም እየተንገዳገድኩ ይዤዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽና ግራ ገብቶኛል። ስልክ ስደውል እማዬ አጠገብሽ ስለማትጠፋ ነው መጻፉን የመረጥኩት። መነጽሬ ጠፋብኝ፣ አንብቢልኝ ብትልሽ ከሰላምታው በቀር አታንብቢላት።

ማታ ማታ ተማሪ የሚሸኝ የበጎ ፈቃድ ቡድን ውስጥ መግባቴን ነግሬሻለሁ። ብቻዋን መሄድ የፈራች ተማሪ ትደውላለች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሆነን የምትሄድበት እናደርሳታለን። ስም አንጠይቅም፣ ለምን ፈራሽ አንልም፣ ከጎኗ እንጂ ከኋላዋ አንሄድም። ቢጫ ሰደርያ እንለብሳለን። ተራችን ሲያልቅ ሰደርያውን ቢሮ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅለን ነው የምንወጣው፤ የክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሥራውን ወድጄዋለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰዎች ሲያዩኝ ደስ የሚላቸው እሱን ስሠራ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከፊዮና ጋር ነበርኩ፤ የገበሬ ልጅ ናት፣ ምላሷ አያርፍም። አንዲት የሙዚቃ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ልምምድ ክፍሏ አደረስን። ሳንጠይቃት ጆስሊን እባላለሁ አለችን። ውሻችን የአያታችንን ዓሣ ሰርቆ ጀልባ ውስጥ እንደተደበቀ ሳወራላት መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ነበር። ስንለያይም “አንተ ካለህማ ድብም አይደፍረኝ” አለችኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተራዬ አለቀ። ፊዮና የታመመች ልጅ ተክታ ከቡድናችን ልጅ ከክሌመንት ጋር ቀረች። እኔ ሰደርያዬን ሰቀልኩ፣ ጥቁሩን ካፖርቴን ደረብኩና በኬሚስትሪው ሕንፃ ጀርባ ወደ መኖሪያዬ አመራሁ። ከፊቴ ኮፍያዋን እስከ ጆሮዋ ያወረደች ልጅ ትሄዳለች። ድንገት እርምጃዋን አፈጠነች። አንድ ነገር አስፈርቷታል አልኩና ብቻዋን እንዳትሆን እኔም ፈጠን አልኩ። እሷ ባሰች፣ እኔም ባስኩ። ማን ነው የሚከተላት ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ማንም የለም። በመጨረሻ ሮጣ መንገድ ዳር የቆመውን፣ እኛ ቢሮ የሚደውለውን የአደጋ ስልክ አነሣች። ደግ አደረገች ብዬ፣ የሚያሳድዳት ሰው ቢመጣ እንዲያየኝ መብራቱ ስር ቆሜ እጠብቃት ጀመር። እታለም፣ ሳቂ ግድ የለም፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

ፊዮናና ክሌመንት እያለከለኩ ደረሱ። ወደ እነሱ ሮጬ “ወዴት ሄደ?” አልኩ። ፊዮና “ማን?” አለችኝ። “የሚከተላት ሰውዬ ነዋ!” ልጅቷ በጣቷ ወደ እኔ እየጠቆመች ነበር። ፊዮና እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ “ኤልደንዬ፣ አንተ እኮ ነህ” አለችኝ። ልጅቷ ጠጋ ብላ ስታየኝ ያቺው ጆስሊን ናት። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ “ይቅርታ፣ ሰደርያውን ስላልለበስክ እኮ ነው” አለችኝ። እኔም ይቅርታ አልኳት፤ ለምኑ እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም።

ፊዮና ልታጽናናኝ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልን የምናስተምራቸው እኛው አይደለን? ልጅቷ የተባለችውን ነው ያደረገችው” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጆስሊን ምን አጠፋች? እኔስ ምን አጠፋሁ? ታዲያ ይህ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የማን ነው? ቁመቴ ይሆን ያስፈራት፣ ካፖርቴ፣ ወይስ የእኛ የአገሬው ነባር ተወላጆች፣ የክሪዎቹ መልክ? ክሌመንት “አንተ ደግሞ፣ በጨለማ ማን መልክ ያያል?” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ግን መብራት ስር ነበር የቆምኩት።

አለቃችን ፓትሪስ በማግሥቱ ጠርታኝ፣ ላንተ ብቻ ፈቅጃለሁ፣ ሰደርያውን ለብሰህ ቤትህ ግባ አለችኝ። ለደግነት እንዳለችው ዓይኗ ይናገራል። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከለበስኩት ሰው አይሸሸኝም፤ ግን ዕቃ ልገዛ ስወጣስ? ቤተ ክርስቲያን ስሄድስ? ልተወው ደግሞ አልኩ፣ ሥራውንም ጭምር። ሐሙስ ተራዬ ሲደርስ እግሬ ራሱ ወሰደኝ፤ ሦስት ልጆች ሸኘን፣ ሦስቱም አመሰገኑኝ። ስጨርስ ሰደርያውን እንደ ሁሉም ሰው ሰቅዬ ወጣሁ። ከዚያ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ሰው ባየሁ ቁጥር ወደ ማዶ እየተሻገርኩ፣ ሁለት እጆቼ እንዲታዩ ከኪሴ አውጥቼ ቤቴ ገባሁ። ጀግንነት ይሁን ሞኝነት አንቺ ፍረጂኝ። እኔ መለየት አቅቶኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአያታችን መረቡን ብቻዎን አይጎትቱ በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ታንሲን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለባልሽ ለቨርነንም ሰላምታዬ ይድረሰው።

እማዬን ደግሞ ጓንት ሥሪልኝ ብሎሻል በያት፤ የትልቁ አጋዘን የሙሱ ቆዳ ቢሆን፣ ጀርባው ላይ ከሩቅ የሚያበራ ቀይ ዶቃ ብታደርግበት። ለምን ቀይ ካለችሽ፣ ብርዱ ጠንቶበታል በያት።

ወንድምሽ ኤልደን
የተማሪዎች መኖሪያ፣ ደቡብ ሳስካቸዋን
ኅዳር 1993