ጉዳዩ፦ አማቴ በመኪና መሸጫ ግቢ ስለ መተንፈሳቸው ምስጋና ስለ ማቅረብ

ለመብራት አከፋፋያችን ድርጅት የልዩ ጥበቃ ደንበኞች ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም መላ ቤተሰብዎንም በተሟላ ጤንነትና በሞቀ ክፍል ውስጥ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የካሮልተን ደንበኞችዎ፣ በረዶው ስለቀለጠ፣ ደህና ነን። አማቴ ወይዘሮ እታለማሁም ይተነፍሳሉ። ይህን የምገልጸው ለሰላምታ ወግ ያህል ሳይሆን፣ ባለፈው ወር ነገሩ አጠራጣሪ ሆኖ ስለነበረ ነው።

እንደሚያውቁት አማቴ ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል የማይችሉ፣ ሐኪም ፈርሞላቸው ሕይወታቸው በመብራት ላይ የቆመ ደንበኞች በተዘረዘሩበት መዝገብዎ የሰፈሩ ሴት ናቸው። የላኩልንን የማረጋገጫ ደብዳቤ ባለቤቴ ሊድያ ላስቲክ አልብሳ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። ብርዱ ጠንክሮ መብራት በፈረቃ ይጠፋል በተባለ ጊዜ ሌላው ሰው ጄኔሬተር ሲያሳድድ እኛ ያንን ወረቀት እያየን ተረጋግተን ተቀመጥን። ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማስጠንቀቂያው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራና አንዲት ጨዋ የተቀዳች ድምፅ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል እንድንዘጋጅ፣ ለተጨማሪ መረጃም አንድ ቁጥርን እንድንጫን መከረችን። ተጫንኩ። መልእክቱ ከመጀመሪያው ጀመረ።

2. ስለ ፈረቃው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ፈረቃን እናውቀዋለን ብለን ነበር፤ ዛሬ የእኛ ሰፈር ይጠፋል፣ ነገ የጎረቤት፣ ሁሉም የድርሻውን ጨለማ ይዞ ይሄዳል። አማቴ በዚህ እውቀታቸው ቀልድ አያውቁም። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስንላቸው «እረፍ እንጂ ማኑሄ፣ ፈረቃ እኮ ነው። ተራችን ሲያልቅ ይመጣል፤ ሲሊንደሩ እስከዚያ ያደርሰኛል» አሉኝ። መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር የሚሠራው ስድስት ሰዓት ነው። የእርስዎ ፈረቃ አርባ ሰዓት ፈጀ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሲሊንደሩ መርፌ ቀዩን ነክቶ፣ የአማቴ ከንፈር ወደ ሰማያዊ ሄዶ፣ አምቡላንሱም መንገዱ በረዶ ስለሆነ እዘገያለሁ ብሎን ነበር። እሳቸው ግን አሁንም ተራቸውን ይጠብቃሉ።

3. ስለ ላስቲኩ ሰውዬ። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሌሊሳ የሚባል ወዳጃችን ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጥበት ግቢ አለ። በሩ ላይ ከሥሩ በሞተር አየር እየተነፋበት እጁን እያወናጨፈ የሚጨፍር ረጅም ቀይ የላስቲክ ሰውዬ ቆሟል። ሌሊሳ ቅዳሜ ሳያጠፋው ሄዷል። ግቢው ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጋር በአንድ መስመር ስለተቀጠለ መብራት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቋረጠበትም። በዚያ ብርድ መኪና ሊገዛ የሚወጣ ፍጡር ባይኖርም ሰውዬው ሲጨፍር ዋለ። አማቴ አየር ሲያጥራቸው፣ እሱ ሲነፋለት፣ በመስኮት እያየን ድርጅትዎ አየር ሊቋረጥበት የማይገባው ማን እንደሆነ በጥልቀት ማጥናቱን ተገነዘብን።

ለሌሊሳ ደወልኩ። «ኦኬ፣ ስማኝ፣ እኔ ድራይቭ ማድረግ አልችልም፣ መንገዱ አይስ ነው። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ ካለው ጎማ ሥር አለልህ። እትዬን አስገባቸውና ሂተሩን ኦን አድርገው፤ ሶፋውም የሳቸው ነው» አለኝ። አማቴን ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ማሽኑን ጭናቸው ላይ አድርገን፣ በበረዶው ላይ እየገፋን ተሻገርን። ሊድያ የሰውዬውን ሞተር ነቅላ የእናቷን ማሽን ሰካች። ሌላ ሶኬት ነበር፤ እሷ ግን ያንን መረጠች። ሰውዬው ተጣጥፎ ሲወድቅ አማቴ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ምስኪን» አሉት።

4. ስለ ካርታው። በድረ ገጽዎ የመብራት ካርታ ላይ ሰፈራችን አርባውንም ሰዓት አረንጓዴ፣ ማለትም መብራት ያለው፣ ነበር። ቀለሙ ደስ ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ናት። መዝገብዎ ማንን ከምን እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ይንገሩን። የማይጠብቅ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ይጻፉልን፤ ያን ጊዜ ሲሊንደር እናበዛለን እንጂ በወረቀት ተማምነን አሮጊት አናፍንም።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለድርጅትዎ የማያልቅ ትዕግሥታችንን ዳግም በማረጋገጥ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ እጅ እነሳለሁ።

ማኑሄ ታፈሰ
ካሮልተን

ማስታወሻ፦ ይህንን ልልክ ስል የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰን። በተጠቀሰው ሰሞን ቆጣሪያችን ለአርባ ተከታታይ ሰዓታት ምንም ስላልቆጠረ፣ በቤቱ ውስጥ ሕይወት አድን መሣሪያ ሥራ ላይ አለመሆኑ ተረጋግጦ፣ አማቴ ከመዝገቡ ተሰርዘዋል። አነበብኩላቸው። «ልክ ናቸው፤ እዚያ ቤት ምን ተነፈስኩና» አሉ።