እንቁላል የሚታቀፈው ሰኞ ነው

ትርንጎዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጠይቅሽ አልችልም፤ የእኔን ግን ልንገርሽ። ከተለየሽኝ አስር ወር አለፈ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ልጃችን ኦሪትም በየሁለት ቀኑ ከኦሺዮት ሰፈር እየመጣች ትቆጣጠረኛለች። ቁጣዋ ካንቺ የወረሰችው ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ዶሮዎችሽ ነው። ከአንድ ወር በፊት ቀበሮ እዚህ ሻዓራይም ሰፈር ግቢያችን ድረስ ገብቶ አውራውን ዶሮ በላው። ሴቶቹ ተርፈዋል፤ ግን ያለ አውራ የሚጥሉት እንቁላል ለመብል እንጂ ለጫጩት እንደማይሆን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ትታቀፍ የነበረችው ቀይዋም አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ወር ሞታለች። የቀሩት መጣል እንጂ መታቀፍ አያውቁም። እናም ከአገር ቤት ከመጣን ጀምሮ ያላቋረጥሽው የዶሮ እርባታ፣ አውራው ሳይበላ በተጣሉ ዘጠኝ እንቁላሎች ላይ ቀረ።

ኦሪት መፈልፈያ ማሽን ገዝታ አመጣች። የዳቦ ሳጥን የሚያህል ነው። ሙቀቱን ራሱ ይጠብቃል፣ እንቁላሉን ራሱ ያገላብጣል። ላባ የሌላት እናት ናት ብዬ ሳቅሁ። እኔን ታውቂኝ የለ፤ ማሽኑ አርብ ቀን ከካርቶኑ እንደወጣ እንቁላሎቹን ደረደርኳቸው። ነጎድጓድ እንዳያበላሻቸውም እንዳንቺ ቁራጭ ከሰል አጠገባቸው አስቀመጥሁ።

በሳምንቱ ኦሪት በስልኳ መብራት አየቻቸው። ስድስቱ የደም ሥር አብጅተዋል፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው።

ስህተቴ የገባኝ መፈልፈያቸው ሲደርስ ነው። ሃያ አንድ ቀን ሦስት ሳምንት ነው፤ አርብ የታቀፈ አርብ ይደርሳል፣ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ሥራ የማይነካበት ቅዳሜ ሰንበት ይገባበታል። አንቺ እንቁላል የምታስታቅፊው ሰኞ ብቻ ነበር። ለእንቁላልም ቀን ትመርጫለሽ ወይ እያልሁ ስቀልድብሽ ፈገግ ብለሽ ታልፊኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁሽም። ብትኖሪ ኖሮ በእግሩ ስለሚሄደው እንቁላል ትተርቺብኝ ነበር።

አርብ የሰንበት ሻማ ሳይበራ የማሽኑን ውሃ ሞላሁና እጄን ሰበሰብሁ። ሰንበት ጠዋት ከጸሎት ስመለስ ስድስቱም ቅርፊታቸውን ቀደዋል፣ የወጣ ግን አንድም የለም። ምንቃራቸው ይታየኛል። ይጮኻሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ዝምታው ይረዝማል። እዚያው የሚያልቁ መሰለኝ። እጄን በላኝ። ሰንበት ባይሆን ክዳኑን ከፍቼ ቅርፊቱን እልጥላቸው ነበር። ኦሪት "አባዬ፣ ቤሰደር ነው፣ ምንም አይሆኑም፣ ይተዉዋቸው" ብላ ወንበር አመጣችልኝ።

ተቀመጥሁ። ያኔ ሆስፒታሉ ትዝ አለኝ። ትራስሽን ሳቃና፣ ነርስ ስጠራ፣ ያልጠየቅሽውን ውሃ ሳመጣ፣ እጄን ይዘሽ ተቀመጥ ብለሽኝ ነበር። ትንሽ ተቀምጬ ደግሞ ተነሣሁ። ያላደረግሁልሽ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ የለመንሽኝን ያንን አንዱን ግን አላደረግሁም። ይህ ይቆጨኛል፣ ትርንጎዬ። ለማንም አልተናገርሁትም።

ያን ቀን ግን ሳልነሣ ዋልሁ። ከምሳ በኋላ አንዱ ቅርፊቱን ገፍቶ ወጣ፣ እርጥብ፣ መልከ ጥፉ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ሰንበት ሳይወጣ አምስት ሆኑ። ስድስተኛው አልሆነለትም። በማግስቱ ኦሪት መመሪያውን አንብባ፣ ክዳኑን ከፍተን ቢሆን ኖሮ እርጥበቱ አምልጦ ሁሉም ቅርፊታቸው ውስጥ ደርቀው ይቀሩ ነበር አለችኝ።

አሁን አምስቱም ወጥ ቤት ውስጥ በካርቶን ናቸው፤ ሲንጫጩ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። አንዷ ቀይ ናት። ደስ ብሎኛል፤ ደስ ማለቱንም ከአንቺ አልደብቅም።

አድገው ሲጥሉ፣ አውራም ከመካከላቸው ከወጣ፣ ሰኞ አስታቅፋለሁ፣ ምክንያቱንም ለኦሪት እነግራታለሁ። የዓመት ተዝካርሽ ሲደርስ መቃብርሽ ዘንድ እመጣለሁ። ድንጋዩን አልወለውልም፣ ሣሩን አልነቅልም። እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ኦሪት በቃ እንሂድ እስክትለኝም አልነሣም።

አንተው እያልሽ ትጠሪው የነበረው ባልሽ፣
አዳነ