መንገደኛ ዳኛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከመንገድ ላይ

የኔ እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ የአንዲት ፀጉር ሠሪ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አባዬ ጫማውን አውልቆ እግሩን ፀሐይ ያስመታል። ሌሎቹ ተጓዦች ቀድመውን ሄደዋል። እኛ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እንቀራለን፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ለሥራ ወደ ሄድሽበት ከተማ መጥቼ አንቺ ጋ እንድኖር የላክሽልኝን ደብዳቤ ይዤዋለሁ። ወሩ ሳያልቅ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት እንዳለብኝም አልረሳሁም። ስትጠይቂኝ "እናያለን" እያልኩ እንዳናደድኩሽ አውቃለሁ። አባዬን ምን ልበላት ብዬ ብጠይቀው "እኔ አፌን አልከፍትም፤ ከከፈትኩማ ቅሪ ነው የምለው" አለኝ። ከዚያ የፍራሽ ሱቁን ዘጋና፣ "ተነሽ፣ ወደ መቅደሱ በእግር እንሂድ። ሰው ሲሄድ ሐሳቡ ይጠራለታል። እዚያ ስትደርሺ ትጽፊላታለሽ" አለኝ። መቅደሱ ጋ ገና አልደረስንም። መልሴ ግን ቀድሞን ደርሷል።

መንገዱ እኔ እንዳሰብኩት ዝም ያለ አይደለም። አንገቴን ደፍቼ፣ ከማንም ጋር ሳላወራ ሄጄ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ለካ በየመንደሩ የሆነ ነገር አለ። አንዱ ጋ ሲመርቁ፣ ሌላው ጋ ሲዘፍኑ ትደርሻለሽ። አባዬ ደግሞ ከበሮ ሰምቶ ማለፍ አያውቅበትም።

አንድ ጠዋት መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። በግራ በኩል ብዙ ሰው ዕቃ ተሸክሞ እየዘፈነ ይሄዳል። አባዬ "ተጓዦች ናቸው፣ እንከተላቸው" አለ። ተከተልናቸው። አንዲት ሴትዮ ትራስ አሸከመችኝ፤ እምቢ ማለት አፍሬ ተሸከምኩ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትወጣ አንድ አዲስ ቤት በር ላይ ቆሙ። የሙሽራ ዕቃ ማስገባታቸው ነበር።

አባዬን ታውቂው የለ። ፍራሹ ሲገባ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና "ይሄ ጥጥ መቼ ተፈታ? ልጆቹ ጉብታ ላይ ሊተኙ ነው?" አለ።

የሙሽራዋ አክስት ወገቧን ይዛ፣ "እርስዎ ደግሞ በማን በኩል ነው የተጠሩት?" አለችው።

"በማንም። መቅደስ እየሄድን ነበር።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ፍራሹ ግን ተተረተረ። እኔና አባዬ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ጥጡን ፈታን፣ መልሰን ሞላን፣ ሰፋን። ሙሽራዋ ራሷ መጥታ ክር ያዘችልኝ። እኔ ስሰፋ እሷ ክሩን ትለቅልኛለች፤ ደስ ይል ነበር። አብልተው አጠጥተው ሲሸኙን ቀኑ አልቆ ነበር፤ ጠዋት የተሳሳትንበት መታጠፊያ ላይ መሸብን።

ሌላ መንደር ደግሞ አዲስ ድልድይ ሲመርቁ ደረስን። ከሁሉም በፊት እንዲሻገሩ የተመረጡት በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌና ገና የተወለደው ሕፃን ናቸው። ሽማግሌው ሕፃኑን ታቅፈው መሃል ሲደርሱ ቆሙና "አሁን ማን ነው ማንን የሚያሻግረው?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ያውም ድምፅ አውጥቼ። አባዬ ዞር ብሎ አየኝና ፊቱን መለሰ።

ዋናው ግን የትናንቱ ነው።

ይህች ከተማ ዳገት ላይ የተሠራች ናት። ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ይባባላሉ። በዓመት አንድ ቀን አደባባዩ ላይ በተራ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ አንድ ነው፤ ፉክክሩ ማን አሳምሮ ዘፈነው ነው። የከተማው ሰው ዳኛ መሆን አይችልም፣ ሁሉም ለሁሉም ዘመድ ስለሆነ። ስለዚህ በዚያ ቀን የሚያልፍ መንገደኛ ይይዛሉ። መንገደኛውን የሚይዙት አንዲት ሽበታም ሴትዮ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ስለማይጠፋ እማማ ፊሽካ ይሏቸዋል። መጀመሪያ አባዬን ከላይ እስከታች አዩት።

"እርስዎ አይሆኑም" አሉት። "ላይኞቹ ሲለማመዱ ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።"

"አንገቴን አሞኝ ነው።"

"አንገትዎ ዜማ ያውቃላ። ከጀርባዎ የተደበቀችውስ?"

"ልጄ ናት። እሷ እንኳ ብዙ አትናገርም።"

"ብዙ ማን ፈለገ? አንድ ቃል ነው" አሉና ክንዴን ያዙ።

የድንጋዩ ደረጃ ላይ አስቀመጡኝ። እማዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲያይ እግሬ የት እንዳለ ጠፋብኝ። ላይኞቹ መጀመሪያ ዘፈኑ። ድምፃቸው በአንድ ክር የተሰፋ ይመስላል፤ አንድም ቦታ አልላላም። ታችኞቹ ሲጀምሩ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው አሉ፣ ተራው ሳይደርስ ድምፁ ብቻውን ወጣ። ደነገጠ፤ ፊቱ ልብስ እንደተገፈፈ ሰው ሆነ። አጠገቡ ያሉት ግን እስኪመለስ አልጠበቁትም። የራሳቸውን የዜማ ቦታ ትተው እሱ ወዳለበት ሮጡና አብረውት ዘፈኑ። ዘፈኑ ትንሽ ተጣመመ፣ ከዚያ ቀና አለ፣ ከዚያ ሄደ።

ተራዬ ሲደርስ በእማማ ፊሽካ ጆሮ "ሁለቱም ጥሩ ናቸው" አልኳቸው።

ጎንበስ አሉልኝ። "እሱ አይሆንም የኔ ልጅ። አንድ ዓመት አንድ ደግ ሰውዬ ማንንም ላለማስከፋት ብሎ 'ሁለቱም' ብሎን ሄደ። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱም ሰፈር እንደተሸነፈ ኖረ። ውሃ ሲቀዱ እንኳ አይነጋገሩም ነበር። አንዱን በይ። ያልተመረጠውን ለእኛ ተይው፣ እናውቅበታለን።"

ተነሣሁና "ታችኛው" አልኩ።

ከኋላ አንዱ "ምን አለች?" አለ። ሌላው "ያስነጠሳት መሰለኝ" አለ።

"ታችኛው ሰፈር" አልኩ እንደገና። በዚህኛው ድምፄን እኔም ሰማሁት።

ጩኸቱን ተዪው። እኔ የማየው ላይኞቹን ነበር። መሪያቸው ረጅም ሴት ናት፣ ይህቺ ደጃፏ የተቀመጥኩባት ፀጉር ሠሪ። ሰው እየገፋች ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን ጆሮ ከማን ነው የወረስሽው?"

"ከእናቴ" አልኳት።

"እንግዲያው ጻፊላት። ላይኛው ሰፈር ቅሬታ አለው በያት።" ከዚያ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወለቀችና በራሷ ትከሻ ላይ አደረገችው። ልማዳቸው ነው ለካ፤ ዳኛውን የሚያበላውና የሚያሳድረው ያልተመረጠው ሰፈር ነው። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀችልኝ፣ እሷ መሬት ተኛች። ራት ላይ ያንኑ ዘፈን ደጋግማ ዘፈነችብኝ፤ "አሁንስ? አሁንስ አልገባሽም?" ትለኛለች። ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን በነጻ ሠራችልኝ። አንዴም አልከፋትም ልልሽ አልችልም፤ ስትስቅ አፏ ብቻ የሚስቅበት ጊዜ ነበር። ግን እጇ ፀጉሬ ላይ ገር ነበር።

እማዬ፣ አልመጣም።

ዳኛ ምክንያት አይጠየቅም ብለውኛል። አንቺ ግን እናቴ ነሽ፣ ልንገርሽ። ፍራሽ መስፋት እወዳለሁ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ጥጡ የሚሸተውን ሽታ እወደዋለሁ። ሰው ስፌቴን ሳያየው ይተኛበታል፤ ለእንደኔ ዓይነቷ ጥሩ ሥራ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በመቅረቴ እንደምታዝኚ አውቃለሁ፣ ልክ ነሽ። ከሱቃችን ጀርባ የማታ ትምህርት ተጀምሯል፤ እንደተመለስን እመዘገባለሁ። ይህን አንቺን ለማባበል አይደለም የምልሽ፤ ፈልጌ ነው።

ለአባዬ ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ አንቺ እንድትሰሚው ብዬ ነው። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ወዲያ ማዶ ያያል። ምን ጻፍሽ አላለኝም። "ቀለሙ አላለቀብሽም?" ብቻ አለኝ።

ደብዳቤውን ፀጉር ሠሪዋ ፖስታ ቤት አድርሳ ታስገባልኛለች። ያነበብሽ ቀን ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፈሽ ታስቀምጪው ይሆናል፣ ወይም ለጎረቤትሽ ታነቢላት ይሆናል። ወይም ትናደጂ ይሆናል፤ ብትናደጂም አልፈርድብሽም። በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ አንቺ ጋ መጥቼ ጥቂት ልሰንብት ይሆን? እሺ ካልሽ ነው። መሬት ላይ መተኛት እችላለሁ።

ጤና ይስጥሽ። የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ክፉ አይሁኑብሽ። ፈጣሪ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፣ ወገብሽንም ይማርልሽ።

እሁድ እንደ ሁልጊዜው ደውዪልኝ። በስልክ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ "እሺ"፣ "እሺ" እላለሁ፤ ታውቂዋለሽ። በዚህኛው እሁድ ማውራት ካላሰኘሽ አታውሪ። እኔ አወራለሁ። ብቻ ደውዪ።

ልጅሽ